ከእንጀራ ቤቴ የወጪ ደብተር፦ መብራት፣ ውሃና ጤፍ እንዳይባክን ያደረግሁት

ካርድ ቆጣሪ ያለው ሰው ያውቀዋል። ካርዱን ሞልታችሁ ትመጣላችሁ፤ «ይሄ ወሩን ያደርሰኛል» ትላላችሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቆጣሪው ቀይ ያበራል። እኔ ለሁለት ዓመት ያህል «ይሄ ቆጣሪ ተበላሽቷል» እያልኩ ሳማው ኖርኩ። ቆጣሪው ደህና ነበር። የተበላሸው የእኔ አሠራር ነው።

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ከአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ ብዙም አልርቅም። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ አንድ አሮጌ ፍሪጅ፣ አንድ ሮቶ፣ አብራኝ የምትጋግር አንዲት ልጅ። ድርጅቴ ይኸው ነው። በቀን 150 እንጀራ ገደማ እናወጣለን። ግማሹን ሁለት ምግብ ቤቶች ይወስዱታል፤ ቀሪው ለኮንዶሚኒየሙ ሰው ነው።

አካባቢ ጥበቃ ሲባል ድሮ ለእኔ ችግኝ ነበር። ክረምት ሲገባ እንጠራለን፣ እንተክላለን፣ ጭቃችንን አራግፈን ወደ ምጣዳችን እንመለሳለን። ከእንጀራ ጋር የሚገናኝ ነገር አይመስለኝም ነበር። ያገናኘልኝ ደብተር ነው። ከቤቴ በከንቱ የሚወጣው እንፋሎት፣ ውሃና ቁራሽ ሁሉ ብር የከፈልኩበት መሆኑን የገባኝ ቁጥሩን ጽፌ ሳየው ነው። ዳቦ ቤት፣ ጁስ ቤት ወይም ፀጉር ቤት ያላችሁም ከዚህ የምትወስዱት አታጡም።

መጀመሪያ ምንም አትግዙ

አደራ የምለው ይሄን ነው። አዲስ ምጣድ አትግዙ፣ አዲስ ፍሪጅ አትግዙ። አንድ የተማሪ ደብተር ግዙ።

ለሰባት ቀን ጠዋት ሥራ ሳትጀምሩና ማታ ስትዘጉ ቆጣሪውን አንብባችሁ ጻፉ። የእኔ ቆጣሪ ላይ የሚታየው የቀረው ኪሎዋት (ሙሉ ስሙ ኪሎዋት-ሰዓት ነው) ስለሆነ ከጠዋቱ የማታውን እቀንሳለሁ። ከጎኑ የዕለቱን እንጀራ ብዛት፣ የገዛችሁትን ጀሪካን ውሃ፣ ያወጣችሁትን ፌስታል፣ የተበላሸውንና የተረፈውን እንጀራ ጻፉ። ሌላ ሒሳብ አያስፈልግም።

የእኔ የመጀመሪያ ሳምንት በአማካይ በቀን 36 ኪሎዋት ወጣ። 150 እንጀራ በ36 ኪሎዋት። ይሄ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። የሚጠቅመው በሚቀጥለው ወር ስታወዳድሩት ነው። ብሩን ሳይሆን ኪሎዋቱን ጻፉ ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ታሪፉ ከ2017 ወዲህ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ስለሆነ በብር ብታወዳድሩ ቆጥባችሁም ያልቆጠባችሁ ይመስላችኋል።

ምጣዱ

የኤሌክትሪክ ምጣድ ቀልድ አይደለም። አብዛኛው በሰዓት ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይበላል። 400 ያህል ባለ 9 ዋት አምፖል በአንዴ እንደማብራት ማለት ነው። እንጀራ ቤት ውስጥ ሆናችሁ ስለ ቻርጀር የምትጨቃጨቁ ከሆነ ጊዜያችሁን እያባከናችሁ ነው። ገንዘቡ ያለው ምጣዱ ላይ ነው።

እኔ በቀን ሁለት ጊዜ ነበር የምጋግረው። ሌሊት ለምግብ ቤቶቹ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ለማታው ገበያ። ሸክላ እስኪግል 20 ደቂቃ ይወስዳል። ሁለት ምጣድ ሁለት ጊዜ ሲጋል አራት ማጋያ ነው። እያንዳንዱ ከአንድ ኪሎዋት ይበልጣል፤ በድምሩ 4.7 ገደማ፣ አንድ እንጀራ ሳይወጣ። አሁን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምረን ጠዋት 2 ሰዓት አለፍ ሲል እንጨርሳለን፤ ምጣዱም በቀን አንዴ ብቻ ይጋላል። በዚህ ብቻ በቀን 2.3 ኪሎዋት ቀረልኝ። በወር 26 ቀን ብንሠራ 60 ነው።

ሌላ ያላሰብኩት ነገርም ተከተለ። ማሟሻ! የመጀመሪያዋ እንጀራ መቼም ለሰው አትቀርብም። ሁለቴ ስንጋግር በቀን አራት ማሟሻ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆነ። ጤፍ በዚህ ዋጋ!

አንደኛው ምግብ ቤት ተቆጥቶ ነበር፤ የከሰዓቱን ትኩስ ለምዶታል። ለሁለት ቀን የጠዋቱን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ክዳን ባለው መሶብ አድርጌ ላክሁለት። ልዩነቱን ማንም ደንበኛው አልነገረውም። ከዚያ በኋላ አላነሳውም።

ቀጥሎ አክንባሎውን እዩ። ይሄን ያሳየችኝ ልጅቷ ናት። አንድ ቀን ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ገባችና በጨረሯ ውስጥ ከቀኝ በኩል ካለው ምጣድ እንፋሎት እንደ ጭስ ሲወጣ አየች። «እትዬ፣ ይሄኛው እኮ ይተነፍሳል» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ክዳኑ ጠርዙ ላይ ታጥፎ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አበጅቷል። ከሸክላው ጋር የገጠመ ይመስላል እንጂ አልገጠመም። በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። በግራው ምጣድ እንጀራዋ 3 ደቂቃ ሳይሞላት ጠርዟ ይነሳል፤ በቀኙ ግን 30 ሰከንድ ያህል ትዘገያለች። 30 ሰከንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል። በ75 እንጀራ አባዙት። 37 ደቂቃ ነው፤ በየቀኑ ከሁለት ኪሎዋት በላይ ወደ ጣሪያ ይሄድ ነበር። ክዳኑን ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ጋ ወስጄ አስቃናሁት። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ለመብራት ካርድ ያነሰ ነው የከፈልኩት።

እናንተም ሞክሩት። ማታ ክፍሉን አጨልሙና የስልክ ባትሪ በክዳኑ ጎን አብሩ። እንፋሎቱ በየት እንደሚያመልጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሦስተኛው ነገር ነፃ ነው። ሸክላ ሙቀት ይይዛል። የመጨረሻዎቹ ሦስት እንጀራዎች ሲቀሩ ማብሪያውን እናጠፋለን። ሦስቱም ይበስላሉ፤ የመጨረሻዋ ትንሽ ታስጠብቃለች እንጂ አይኗ አይጠፋም። በስሱ የምትጋግሩ ከሆነ አራት ታወጣላችሁ። መጀመሪያ በአንዱ ምጣድ ሞክራችሁ እዩት።

ሽቦውን ግን ራሳችሁ አትንኩ። እኔ አንዴ በርካሽ እሠራለሁ ያለ ሰው አምጥቼ ሬዚስታንሱን አስቀየርኩ። ገመዱ የሚገናኝበትን ቦታ አላጠበቀውም። ሳምንት ሳይሞላ ሶኬቱ ቀለጠ፤ እግዜር ይስጣት፣ ልጅቷ ሽታውን ቶሎ ባትሰማ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነበር። ጋግራችሁ ስትጨርሱ ሶኬቱንና ገመዱን በእጃችሁ ጀርባ ቀረብ ብላችሁ ስሙት። የሚሞቅ ከሆነ የከፈላችሁበት መብራት ገመድ እያሞቀ ነው፤ አደጋም አለው። የታወቀ ባለሙያ ጠርታችሁ አሳዩት።

ስለ ዕቃ ከተነሳ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ «መብራት ቆጣቢ» የሚባል ትንሽ ሳጥን ሲሸጥ አይታችሁ ይሆናል። እኔ ገዝቼዋለሁ፤ አልክድም። አረንጓዴ መብራት ያበራል፣ አለቀ። ደብተሬ ላይ ከመግዛቴ በፊትና በኋላ ያለው ቁጥር አንድ ነው። በመጨረሻ ስንፈታው አንዲት አምፖልና የጣት ጫፍ የምታክል ካፓሲተር ናት ያለችው። ምጣድ የሚበላው ለሙቀት ነው፤ በማንኛውም ሳጥን አይቀንስም።

አምፖልና ፍሪጅ

ይሄ አጭር ነው። ስድስት ባለ 60 ዋት አምፖል ነበረኝ፤ በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ቀየርኳቸው። በቀን አምስት ሰዓት ቢበሩ ከ1.8 ኪሎዋት ወደ 0.3 ይወርዳል። ብርሃኑ ያው ነው። ሁሉንም በአንዴ መግዛት ከከበዳችሁ ረጅም ሰዓት ከሚበራው ጀምሩ።

ፍሪጁ ከምጣዱ ሁለት ሜትር ርቆ ነበር የቆመው። ምስኪን፣ ከሙቀቱ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል። ወደ መጋዘኑ አዞርኩት፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅሁት፣ ከኋላው ያለውን አቧራ ጠረግሁ። የበሩን ጎማ ለመፈተን አስር ብር በበሩ መሃል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው ሞቷል።

ይሄ ሁሉ ተደምሮ ቀኑን ከ36 ወደ 28 ኪሎዋት አወረደው። በወር ከ200 በላይ ነው። እንጀራው ያው 150 ነው።

ውሃ

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ስትመጣ እንደ በዓል፣ ስትጠፋ ጀሪካን ፍለጋ። ስለዚህ ውሃ መቆጠብ ለእኔ ጀሪካን ተሸክሞ ለሚያመጣልኝ ልጅ የምከፍለውን ብር መቀነስ ነው።

መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን ያዙ። እኔ ከምሽቱ 1 ሰዓት ባልዲ ከቧንቧው ሥር አድርጌ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አየሁት። ስምንት ሊትር ያህል ተጠራቅሟል። ጠብ፣ ጠብ የምትል ቧንቧ ናት እንግዲህ! በወር ሲሰላ ወደ 500 ሊትር፣ ማለትም 25 ጀሪካን። ችግሩ በውስጡ ያለችው የቧንቧ ጎማ ነበረች፤ ዋጋዋ ከአንድ ጀሪካን ውሃ ብዙም አይርቅ።

ሁለተኛ፣ ጣሪያችሁን እዩ። አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። የእኔ ቆርቆሮ 40 ካሬ ያህል ነው። በሐምሌ ጥሩ አድርጎ 20 ሚሊ ቢዘንብ 800 ሊትር ነው፤ አንድ ባለ 1000 ሮቶ ሊሞላ ብዙም አይቀረው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በዓመት ከ1000 ሚሊ በላይ ዝናብ ያገኛሉ፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የአንበሳውን ድርሻ ይወስዳሉ። እኛ ግን አሸንዳው ወደ መንገድ እንዲተፋው አድርገን ሠርተን፣ ጎርፉ በር ላይ ሲደርስ እንማረራለን። እኔ አሸንዳውን ወደ በርሜል አዞርኩት፣ አፉ ላይ ወንፊት አሰርኩበት፣ ክዳኑን ለትንኝ ብዬ እዘጋለሁ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ አሳልፈዋለሁ።

ይሄ ውሃ ለሊጥ አይገባም። እሱን አንደራደርም። ለወለል፣ ለባልዲ፣ ለውጭ ማጠቢያ ነው። ክረምቱን ሙሉ የቧንቧ ውሃ ወለል ላይ አልደፋሁም።

ዕቃ ማጠቢያም ሁለት ሳፋ አደረግን። የማቡኪያ ባልዲ ከመታጠቡ በፊት የተጣበቀውን ሊጥ በእጅ ጠርገን እርሾ ላይ እንመልሳለን። ያለቀለቅንበት ሁለተኛው ውሃ ለሚቀጥለው ባልዲ መጀመሪያ ማጠቢያ ይሆናል። ልጅቷ መጀመሪያ «ስስት ነው» ብላኝ ነበር። አሁን እሷ ናት የምትቆጣኝ።

የሚበላሸው እንጀራ

ከሁሉም ትልቁ ኪሳራ ይሄ ነው፤ ሰው ግን አይቆጥረውም። የተጣለች እንጀራ ውስጥ ጤፉ አለ፣ የወፍጮው ክፍያ አለ፣ ውሃው አለ፣ መብራቱ አለ፣ የእኛ እንቅልፍ አለ። በመጀመሪያ ሳምንቴ በቀን በአማካይ 11 እንጀራ ይበላሽ ወይም ይተርፍ ነበር።

ምክንያቱን ስጽፈው ሦስት ነገር ሆነ። አንዱ ማሟሻ፤ እሱን ተናግሬያለሁ። ሁለተኛው ብርድ ነው። በክረምት ሌሊት ሊጡ ኩፍ አይልም፤ እንጀራው አይን አያወጣም። ባልዲውን ከሲሚንቶው ወለል ላይ አንስተን እንጨት ላይ አስቀመጥነው፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለልነው፣ አብሲቱን ሞቅ እንዳለ እንጨምራለን። ያለ አንድ ሳንቲም ተስተካከለ። ሦስተኛው ደግሞ «ይበቃል አይበቃም» እያሉ በግምት መጋገር። አሁን ማታ 2 ሰዓት ላይ ምግብ ቤቶቹ ጋ ደውዬ የነገውን ቁጥር እጠይቃለሁ። ጾም ሲገባ፣ በዓል ሲቃረብ ቁጥሩ ይገለባበጣል፤ ደብተሩ የዓምናውን ያስታውሰኛል።

የሚተርፈውስ? ንጹሑን በሰፌድ ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፤ ድርቆሽ ሆኖ በኪሎ ይሸጣል። ተማሪና ወደ ክፍለ ሀገር ስንቅ የሚልክ ሰው ይወስደዋል። በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል፤ እጅ ላይ ሲሰበር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካላሰማ አትቋጥሩት። የተቃጠለውንና የተቀደደውን ከገላን በኩል ከብት የሚያደልቡ አንድ አባት በሳምንት ሁለቴ ይወስዱታል፤ በለውጡ አልፎ አልፎ ወተት ይዘውልኝ ይመጣሉ። የሻገተውን ግን ለከብትም አልሰጥም።

ወደ ገንዳ የሚሄደው አሁን አንድ ትንሽ ባልዲ ነው። በ2009 መጋቢት የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር፣ ቆሼ፣ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው የሞተ ጊዜ፣ ያ ተራራ የማን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ለካ በየቀኑ 11 እንጀራ የምጥል እኔም አለሁበት።

ፌስታል

በ1999 የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስሱን፣ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳውን ፌስታል ከልክሎ ነበር። ማን ሰማው! በ2017 ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን ጠበቅ አድርጎ የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። እኔ የተውኩት ግን ሕጉን ፈርቼ ብቻ አይደለም። ትኩስ እንጀራ ፌስታል ውስጥ ያልበዋል፤ ይጣበቃል፣ ቶሎ ይሻግታል። ደንበኛ ሁለተኛ ቀን ላይ ተመልሶ ሲወቅሰኝ ጥፋቱ የሊጡ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ዕቃ ይዞ ለመጣ ሰው በአስር እንጀራ ላይ ትንሽ ብር እቀንሳለሁ። የምቀንሰው ለፌስታሉ ከማወጣው አይበልጥም። ለረሳ ሰው ከአቡጀዲ ያሰፋኋቸው ጨርቆች አሉ፤ በመያዣ ብር እሰጣለሁ፣ ሲመልስ ብሩን ይወስዳል። አንዳንዱ አይመልስም፤ ከመያዣው ሌላ እናሰፋለን። ለምግብ ቤቶቹ ክዳን ያለው ሳፋ እልካለሁ፤ ባዶውን በማግስቱ ያው ባጃጅ ይመልሰዋል።

የጤፍ ማዳበሪያውን አትቅደዱት፤ ስፌቱን በጥንቃቄ ፍቱት። ሙሉው ማዳበሪያ ገዢ አለው፤ የተቀደደው የለውም። ሃይላንድና ቆርቆሮ በአንድ ጥግ አጠራቅሙና ቆራሌው ሲጮህ አውጡለት። ብዙ ብር አይደለም፤ የሳሙና ይሆናል።

መብራት ሲጠፋ

መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ አላቆምም፤ ለዚያ የእንጨት ምጣድ አለኝ። ድሮ በሦስት ጉልቻ ነበር፤ ዓይናችን እየነደደ፣ እንጨቱ እየበረረ። አሁን ምርጥ ምድጃ የሚባለው ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የተሠራ፣ እሳቱን ዙሪያውን የሚዘጋ ነው። ከጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከኋላው ሙቀቱ የሚወጣበት ቦታ ድስት ይጣዳል፤ እንጀራው እስኪያልቅ ሽሮ ይደርሳል።

ባህር ዛፉን ግን ክረምት ሳይገባ ግዙ። እርጥብ እንጨት ከጉልበቱ የተወሰነውን የራሱን ውሃ በማድረቅ ይጨርሳል፤ ጭሱ ደግሞ ለጎረቤት ነው። እኔ በሚያዝያና በግንቦት ገዝቼ ከቆርቆሮ ሥር እደረድራለሁ። ሰኔ ላይ የሚገዛ ሰው ውሃ በኪሎ እየገዛ ነው።

ሶላርስ የሚሉኝ አሉ። ለአምፖልና ለስልክ ጥሩ ነው። ለምጣድ ግን ሒሳቡን ሥሩት፦ ባለ 400 ዋት ፓኔል ዘጠኝ ያህል ያስፈልጋል፤ እሱም በቀትር ፀሐይ። እኔ የምጋግረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው።

አሁን የቀረኝ የግራው ምጣድ አክንባሎ ነው። ትላንት ማታ በስልክ ባትሪ ሳየው እሱም በእጀታው በኩል መተንፈስ ጀምሯል። ቅዳሜ ቀጥቃጩ ጋ ይሄዳል፤ ቁጥሩን ከአሁኑ ጽፌያለሁ።